ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳ

እትዬ ቁልፍ ጠዋት ወደ ግቢው ስትገባ ሰላም የምትለው የዘበኛውን ውሻ ብቻ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። ውሻውንም ሰላም አትልም። የተከመረውን ጣውላ በግራ ትታ፣ መጋዙ የሚያጓራበትን ትልቁን አዳራሽ ዳር ዳሩን ይዛ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቷ ትሄዳለች። አንገቷ ላይ በጥቁር ገመድ የተንጠለጠሉት አሥራ ሦስት ቁልፎች ከእሷ ቀድመው ይሰማሉ። ሠራተኞቹ ኮሽታውን ሲሰሙ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዳንዱም ምንም ሳያጠፋ እጁን ከኪሱ ያወጣል።

ትክክለኛ ስሟ የሚገኘው በሠራተኛ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። የቤት እቃ የሚያመርተው ይህ ፋብሪካ ከተከፈተ ጀምሮ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እሷ ነች። ሚስማር የፈለገ፣ ኮላ የፈለገ፣ ቫርኒሽና ቲነር የፈለገ በትንሿ መስኮቷ በኩል አንገቱን አስግጎ ይለምናል። አዎ፣ ይለምናል። "ትናንት የወሰድከው ብሩሽ የት ገባ? በላኸው?" ትለዋለች፤ ሰውዬው ብሩሹን እንዳልበላው እስኪያስረዳ ድረስ የሚፈልገውን አታወጣለትም።

ከሰው ሁሉ ጋር ያላት ጠብ ቢደመር ግን ከፎርማኑ ጋር ያላትን አያክልም። ፎርማኑ የታናሽ እህቷ ባል ነው። በአንድ ግቢ እየሠሩ፣ በቤተሰቡ ሰርግና ለቅሶ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር እየተጋሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሥራ ግድ ሲላቸው በፅዳት ሠራተኛዋ በኩል ይነጋገራሉ። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሃላቸው ትቆማለች።

"ሁለት ጣሳ ቫርኒሽ እፈልጋለሁ በያት" ይላል ፎርማኑ፣ ከመስኮቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ።

"መጠየቂያው ላይ ቀን አልተጻፈም በዪው" ትላለች እትዬ ቁልፍ።

"ኧረ ሰምቷል እኮ!" ትላለች ሴትዮዋ።

"በዪው አልኩሽ!"

ፅዳቷ ትለዋለች። ምን ታድርግ፣ ሥራ ነው።

ጠቡ ከየት እንደመጣ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ የሚያውቅ ይመስለዋል ማለት ይሻላል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀለም ክፍሉ ተቃጥሎ ነበር። ያኔ ቲነሩም ቫርኒሹም የሚቀመጠው በእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁምሳጥኑም የቆመው ከክፍሉ ብቸኛ በር ጎን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበሩ ጎን ካለው የመብራት ማብሪያ ብልጭታ ወጣ። ክፍት ከተተወው ጣሳ የወጣው የቲነር ትነት ወዲያው ያዘ። ቁምሳጥኑ ከነጣሳው ነደደ፣ በሩም አብሮ ነደደ። ውስጥ ብቻውን ወንበር ሲቀባ የነበረው ሰው የእትዬ ቁልፍ ባል ነበር። መውጫው እሳት ሆነበት። ፎርማኑ ከውጭ መስኮቱን በእጁ ሰብሮ ጎትቶ አወጣው፤ የቀኝ አንጓው ላይ ያለው ረጅም ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ሰውዬው በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ምርመራ ሲደረግ ፎርማኑ "ቁምሳጥኑ እዚያ እንዲቆም ያዘዝኩት እኔ ነኝ" ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ከፎርማንነቱ ተነስቶ፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሦስት ዓመት ጣውላ ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "የባሏን ገዳይ እንዴት አድርጋ ታናግረው!" ይላል፤ ለእሷም ከንፈሩን ይመጥላታል። እሷም ከንፈር መጠጣውን ዝም ብላ ትቀበላለች። በግምጃ ቤት ዘመኗ ሁሉ ሳትቆጥርና ሳታጣራ የተረከበችው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከቃጠሎው ወዲህ ቲነሩ የሚቀመጠው በእሷ ግምጃ ቤት፣ ከካርቶንና ከጥጥ ጋር ነበር። ዘንድሮ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ይህን ሲያዩ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ጽፈው ሄዱ። በዚያ ሰበብ ነው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቢጫው ካቢኔት የመጣው። ስድስት ሰው እያማጠ ተሸክሞ አስገባው። ግድግዳው ድርብ ብረት ነው። ሁለቱ በሮቹ ከፍተው ሲለቋቸው በራሳቸው ተስበው ድም ብለው ይዘጋሉ። ከሥሩ የፈሰሰው እንዳይወጣ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ጎኑ ላይ ብልጭታ እንዳይነሳ የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ተበጅቶለታል። አብሮት የመጣውን መመሪያ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እትዬ ቁልፍ ግን ወስዳ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ አነበበችው።

ሥራ አስኪያጁ ገና ወጣት ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። በሌለበት እሺ-በቃ ይሉታል፤ ማንኛውንም ንግግር ገና ሳይጀመር "እሺ፣ በቃ" ብሎ ስለሚዘጋ። ቃጠሎውን በወሬ እንጂ አላየውም። የቀለም ክፍሉን አንዴ ዞር ብሎ ቃኘና ከበሩ ጎን ያለውን ባዶ ግድግዳ በእስክርቢቶው ጠቆመ።

"እዚህ ይቁም። ቀለም ቀቢዎቹ ወዲያው አንስተው ወዲያው ይመልሳሉ። እዚያ ማዶ ከሆነ ለአንድ ጣሳ ሃያ ስድስት እርምጃ መሄድ፣ ሃያ ስድስት እርምጃ መመለስ ነው። እሺ፣ በቃ።"

ሃያ ስድስቱን ራሱ ቆጥሮታል። ቁጥሩን ስትሰማ እትዬ ቁልፍ ክው አለች። ያንን ቁጥር ከሌላ ሰው አፍ ሰምታው ታውቃለች።

"እዚህ አይሆንም" አለች።

"ለምን አይሆንም?"

"እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል? በእርስዎ ኪስ?"

አራቱ ቀለም ቀቢዎች ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው። እንደ ድሮው እንጨት አይደለም።"

"ብረቱ እሳቱን ለአንድ አፍታ ያቆይልዎታል እንጂ እስከ ዘላለም አያቆይልዎትም! የተሠራው ለዚያች አፍታ ነው፣ ሰው ሮጦ እንዲወጣባት። መውጫው ላይ ገትረውት ሰው ወዴት ይሩጥ? ማብሪያው ይኸውና ከራሱ በላይ። ኮምፕሬሰሩ ከዚሁ ግድግዳ ጀርባ ነው። መመሪያው ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ ከበር ይራቅ፣ ከደረጃ ይራቅ፣ ብልጭታ ከሚያወጣ ነገር ይራቅ ይላል። ማንበብ የሚጠየፍ ሰው ካለ እኔ አነብለታለሁ!"

"እትዬ እግራችን እንዲረዝም ፈልገው ነው" አለ በዕድሜ ትልቁ ቀለም ቀቢ፤ ደግመው ሳቁ።

እንግዲህ የመረከቢያው ሰነድ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የግምጃ ቤት ኃላፊዋንና የፎርማኑን። "ካቢኔቱ በተገቢው ቦታ ተተክሏል" ከሚለው መስመር ሥር ሁለቱም ካልፈረሙ ሰነዱ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ አይሄድም። እትዬ ቁልፍ እጇን አጣመረች። አንዱ ብቻ እምቢ ቢል ሥራ አስኪያጁ ደንቡን ጠምዝዞ "አሻፈረኝ ብላለች" ብሎ ጽፎ በሌላው ፊርማ ያሳልፈዋል፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ሁለቱም እምቢ ካሉ ግን መሄጃ የለውም።

"አንተስ?" አለው ሥራ አስኪያጁ ፎርማኑን።

ፎርማኑ ግድግዳውን አየ፤ በሩን አየ። አፉን ከፈተ።

"እሱ ደግሞ ምን አፍ አለው?" አለ ያው ቀለም ቀቢ። "የፊተኛውን እዚሁ ያስቆመው እሱ አይደል እንዴ!"

በዚህኛው ላይ ማንም አልሳቀም። ፎርማኑ የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋ። አንጓውን በሌላው እጁ ሸፍኖ "ሰኞ ሲተከል እፈርማለሁ" አለና ወጣ።

እትዬ ቁልፍ ግምጃ ቤቷ ገብታ መስኮቱን ከውስጥ ቀረቀረች። ቢያንኳኩም አልከፈተችም። እውነቱን የሚያውቁት በሕይወት ካሉት ሰዎች ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ እህቷና የእህቷ ባል። የእንጨቱን ቁምሳጥን ከበሩ ጎን ያስቆመችው እሷ ነች።

ባሏ ነበር የለመናት። ከምሳ በፊት በመስኮቷ ብቅ ብሎ "አንቺ ሆዴ፣ ጉልበቴ አልቻለም። ሃያ ስድስት እርምጃ በቀን ስንት ጊዜ! ቁምሳጥኑን ወደ በሩ አስጠጊልኝ" አላት። ፎርማኑ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ሆዷ ራራ። ለዚያን ቀን ብቻ የተቀጠሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርታ በምሳ ሰዓት አስነሳችው። ከአሥር ቀን በኋላ ተቃጠለ። በዚያን ጊዜ ልጆቿ ትንንሾች ነበሩ፤ አባታቸውን በቀበሩ ማግስት እናታቸው ከሥራ ብትባረር የሚገቡበት አልነበራቸውም። እህቷ ባሏ እግር ላይ ወድቃ አለቀሰች። እሱም ሄዶ "ፈቃድ ሳልወጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ" ብሎ ፈረመ።

ታዲያ ምስጋናው የት ገባ ቢሉ፣ እትዬ ቁልፍ ምስጋና አታውቅበትም። ባየችው ቁጥር ያደረገችው ነገር በሁለት እግሩ ቆሞ የሚመጣባት ይመስላታል፤ ስለዚህ ጠላችው። ከልቧ ጠላችው። ይቅርታ ልጠይቀው ብላ ሦስት ጊዜ ተነስታ፣ ሦስቱንም ጊዜ በፅዳቷ በኩል ስድብ ልካ ተቀምጣለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ እጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘ፣ ግቢም ተቀመጪም ሳትል ቆመች።

"ምን ጎደለሽ?"

"ባልሽ ነገ አልፈርምም ይበል።"

"ባሌ? በየትኛው አፉ?"

"ነገሩ የሰው ነፍስ ነው እኮ! ካቢኔቱን ከዚያው ከበሩ ጎን ሊተክሉት ነው።"

"ሰምቻለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልበላም፤ እንዴት አልሰማ? ልናገር ቢል የሚሉትን ያውቀዋል። አፉን ማን ወሰደበት? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ወሰደበት?" የሳሙና ጣቷን አፍንጫዋ ላይ ደቀነችባት። "ልጆቼ 'የሰው ገዳይ ልጅ' እየተባሉ ነው ያደጉት። አንድ ቀን እንኳን እግዜር ይስጥልኝ ብለሽዋል?"

"እግሩ ላይ የወደቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላልኩሽም።"

"ለልጆችሽ ብዬ ነው! ልጆችሽ ደረሱ፤ ትልቋ ወልዳ ስማለች። አሁንስ የምትፈሪው ምን ቀረሽ?"

"ለጡረታዬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶኛል።"

"እንግዲያው ጡረታሽን አቅፈሽ ተቀመጪ።"

ከጓዳ የሰው ሳል ተሰማ። እቤት ነበረ፤ ሁሉንም ሰምቷል። አልወጣም። እህቷም በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አልነበረም፤ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው ዘጋችው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ቁልፍ የቀለም ክፍሉ ስትደርስ ካቢኔቱ ከበሩ ጎን ተገትሯል። የጥገና ሠራተኛው በሮቹን ከፍቶ፣ እንዳይዘጉበት ከሥራቸው ሽብልቅ ሸጉጦ፣ ትራፓኖውን ይዞ ውስጥ ተጎንብሷል።

"ምን ልታደርገው ነው?"

"በጀርባው በስቼ ከግድግዳው ጋር ላስረዋ።"

"ከተበሳማ ወንፊት ነው! እሳቱ በቀዳዳው አይገባም ያለህ ማነው?"

"እትዬ፣ ሥራ አያስፈቱ" አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ። "የእርስዎን አቋም ሰምተናል፤ ጽፈነዋል። እሺ፣ በቃ።" ሰነዱን ከነእስክርቢቶው ለፎርማኑ ዘረጋለት።

ፎርማኑ ተቀበለ። ወረቀቱን የካቢኔቱ ጎን ላይ አስደግፎ ቀና አደረገው። ጠባሳው ከእጅጌው ወጥቶ ይታያል።

"አትፈርም!" አለች እትዬ ቁልፍ።

ጥግ ላይ ስትጠርግ የነበረችው ፅዳት መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ፤ ማን ለማን ንገሪልኝ እንዳላት ግራ ገብቷት ሁለቱንም ታያለች። ፎርማኑ ዞር አላለም። እስክርቢቶው ግን ከወረቀቱ በላይ ቆመ።

"ጉድ ነው እናንተ!" አለ ትልቁ ቀለም ቀቢ። "ዛሬ ደግሞ የባሏን ገዳይ ልትመክር መጣች?"

እትዬ ቁልፍ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ እሱ ዞረች። ሊመቷት የመጡ ይመስል ቁልፎቿን በጡጫዋ ጨብጣለች።

"የባሌ ገዳይ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ሰማህ አንተ ሳቂታ? ቁምሳጥኑን እዚህ ያስቆምኩት እኔ ነኝ! በምሳ ሰዓት፣ በሁለት የቀን ሠራተኛ። እሱ ፈቃድ ላይ ነበር፤ አያውቅም። ለልጆቼ ብሎ ዋሸ፤ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ? ስሰድበው ኖርኩ! ያስቆምኩት ደግሞ ሃያ ስድስት እርምጃ ለማሳጠር ነው። ልክ እንደ አንተ!" አለችና ሥራ አስኪያጁን በጣቷ ወጋችው፤ አንቱታውን መንገድ ላይ ጥላዋለች። "እንግዲህ አፉን መልሼለታለሁ። አሁን ጠይቁት!"

ማንም አልጠየቀውም። ፎርማኑ ራሱ ሄዶ የትራፓኖውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለና በእጁ ጠቀለለው። እሷን አላያትም፤ ያየው ሥራ አስኪያጁን ነው።

"እዚያ ማዶ፣ ከሁለቱ መስኮቶች መሃል" አለ። "እዚህ ከሆነ እኔም አልፈርምም።"

"ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም።"

ሥራ አስኪያጁ "እሺ" አለ። በቃ የምትለዋ ግን ያን ቀን አልመጣችለትም።

ሰው ይህን ሲሰማ ሁለቱ ተቃቅፈው የተላቀሱ ይመስለው ይሆናል። እንዲያውም ብሶ ቁጭ አለ። ካቢኔቱን እስከ ቀትር ድረስ ማዶ ግድግዳ ጋ ሲተክሉ እንደ ወትሮው በፅዳቷ በኩል ተናቆሩ፤ እንደውም ከወትሮው ከፋ።

"ወደ ቀኝ አዘንብሏል በዪው።"

"ውሃ ልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ በያት።"

"የግራው በር አልገጠመም፣ እኔ እውር አይደለሁም በዪው!"

ፎርማኑ ተንበርክኮ የግራውን እግር ማስተካከያ ሁለት ዙር አዞረው። በሩን ከፍቶ ለቀቀው፤ ድም። ቀኙን ለቀቀው፤ ድም። የመሬት ሽቦው በሚታሰርበት ቦታ ሽቦው ከብረቱ ጋር እንዲገናኝ ቀለሙን በቢላ ፋቀና ብሎኑን እስኪንጫጫ አጠበቀው። በካቢኔቱ ጎን ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች መክደኛ የጥገና ሠራተኛው ነቅሎ ኪሱ ከቶት ነበር፤ መልሶ እንዲከድናቸው አደረገ። ከበድ ያሉትን ጣሳዎች እትዬ ቁልፍ ራሷ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ደረደረች። ካቢኔቱ አናት ላይ የተቀመጠ የቀለም ጨርቅ አግኝታ የባለቤቱ ፊት ላይ ወረወረችው። ከምሳ በኋላ ትልቁ ቀለም ቀቢ በሩ በየጊዜው እየተዘጋ አስቸገረኝ ብሎ ያንን ሽብልቅ ከሥሩ ሊወትፍ ሲል ፎርማኑ ነጥቆ በመስኮት አሽቀነጠረው። ከእንግዲህ ፎርማኑን ምን አፍ አለህ የሚለው የለም።

ዓርብ ዕለት ለእትዬ ቁልፍ ደብዳቤ ደረሳት። የድሮው ጉዳይ እንደገና እስኪጣራ ከግምጃ ቤቱ ተነስታ ማሸጊያ ክፍል እንድትሠራ፣ ቁልፎቹንም ለጊዜው ለፎርማኑ እንድታስረክብ ይላል። ጡረታዋ ምን እንደሚሆን የሚል ነገር የለበትም። ዘርግታ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ መስኮቷን ከፍታ ጠበቀችው።

መጣ። ፅዳቷም መጥታ እንደለመደችው መሃላቸው ቆመች።

"አንቺ ሂጂ" አላት ፎርማኑ።

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን አንስታ ሄደች፤ ሦስት ጊዜም ዞራ አየች።

እትዬ ቁልፍ ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፎቹን መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረችለት። አሥራ ሦስቱን ተረከበ። ግን አልሄደም።

"ለምስጋና አይደለም የቆምኩት" አለ።

"ማን ሊያመሰግንህ!"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያኔ ባልሽ ቁምሳጥኑን አስጠጊልኝ ሲልሽ፣ እኔ እምቢ እንዳልኩት ነግሮሻል?"

"ምኑን እምቢ አልክ?"

ፎርማኑ ቁልፎቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው። ከፈቃዴ ሦስት ቀን በፊት። ከበሩ ጎን አይሆንም፣ እሳት ቢነሳ በየት ልትወጣ ነው አልኩት። ሰደበኝ። ከዚያ እኔ እስክወጣ ጠብቆ አንቺ ጋ መጣ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "በተመለስኩ ቀን ጠዋት ቆሞ አየሁት። ከምሳ በኋላ አስነሳዋለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ተቃጠለ። ስፈርም ያን ያህልም አልዋሸሁም። አንቺን ግን... እምቢ እንዳልኩ እያወቅሽ፣ እኔን ለማናናቅ ብለሽ ያደረግሽው መስሎኝ አሥራ አንድ ዓመት ጠላሁሽ።"

"አልነገረኝም" አለች።

"አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም አልኩህ! ብሰማ እሺ እለው ነበር?"

ፎርማኑ ራሱን ነቀነቀና ቁልፎቹን ይዞ ሄደ። ኮሽታው ከእሱ ጋር አብሮ ራቀ።

እትዬ ቁልፍ በዚያ ግቢ ውስጥ ያልተጣላችው ሰው አንድ ነበር፤ ባሏ። ፎቶውን በየእሁዱ ትወለውላለች። ከሥራ ስትመለስ የዋለችበትን ታወራዋለች፤ የሰደበችውን ሰው ሁሉ በየተራ ትነግረዋለች። ሞቱን ራሷ ላይ ስትጭን፣ ከራሷም ተርፎ ፎርማኑ ላይ ስትጭን፣ እሱ ላይ ግን ግራም አላሳረፈችበትም።

ወደ ማሸጊያ ክፍል መሄድ ሲገባት እግሯ ወደ ቀለም ክፍሉ ወሰዳት። በሩ ጋ ቆመች። ከዚያ ወደ ማዶ ግድግዳ፣ ወደ ቢጫው ካቢኔት መራመድ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ እየቆጠረች። አሥር ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሃያ ላይ እንባዋ አገጯ ደርሷል። ሃያ ስድስት ብላ ስትቆም ካቢኔቱን በመዳፏ መታችው።

"ሃያ ስድስት እርምጃ!" ብላ ጮኸች። "ይቺ ከብዳህ ነው? እምቢ ተብለህ ነው እኔ ጋ የመጣኸው? ለእኔ ነው የዋሸኸው?"

አራቱ ቀለም ቀቢዎች እነሱን የምትቆጣ መስሏቸው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ትልቁም ምንም ሳያጠፋ እጁን ከኪሱ አወጣ።